የአልማ የመረጃ ቋትና ካርታ፦ ጨቅላ ኮከቦች የሚተፉትን ጋዝ በላፕቶፕ ማየት

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። አልማ ስል የልማት ማህበሩን አይደለም። ቺሊ ውስጥ፣ አታካማ በረሃ፣ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከለውን የራዲዮ ቴሌስኮፕ ማለቴ ነው። 66 አንቴናዎች አሉት፤ 54ቱ ባለ 12 ሜትር፣ 12ቱ ደግሞ ባለ 7 ሜትር። አውሮፓ፣ ሰሜን አሜሪካና ምሥራቅ እስያ ከቺሊ ጋር ተባብረው ሠሩት፤ በ2013 ተመረቀ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የምገመግመው ግን ቴሌስኮፑን አይደለም። እሱን ማን አግኝቶት! የምገመግመው ማናችንም ከቤታችን ሆነን ልንጠቀምበት የምንችለውን የመረጃ ቋቱን ነው። ከሱ ጋር ደግሞ ካርታ (CARTA) የሚባለውን የራዲዮ ምስል መመልከቻ ሶፍትዌር አብሬ አየዋለሁ፤ አንዱ ያለ ሌላው ብዙም አይጠቅምምና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የተመራማሪዎች ቡድን አልማ ላይ የምልከታ ሰዓት ሲፈቀድለት፣ ዳታውን አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ለብቻው ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ሃርቫርድ ያለ ፕሮፌሰርም፣ ደብረ ብርሃን ያለ መምህርም እኩል ያወርዱታል። ክፍያ የለም። የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ የሚል የለም። ማህተም የለም። ለኛ ሀገር ሰው ይህ ብቻውን ግማሽ ነጥብ ያሰጣል።

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ። ወደዚህ ቋት ያመጣኝ ዶፕለር ነው፤ ምንጩ ወደኛ ሲመጣ ወይም ከኛ ሲርቅ የሞገዱ ፍሪኩዌንሲ የሚለወጥበት ክስተት ማለት ነው። ዶፕለር ሲባል ሁልጊዜ የአምቡላንስ ሳይረን ይነሳል። ተማሪዎቹ አምቡላንሱን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ሲሰሙት ኖረው ሰልችቷቸዋል። እኔ የፈለግሁት ሌላ ነው። ፍሪኩዌንሲው በዚህን ያህል ተለወጠ፣ ስለዚህ ጋዙ በዚህን ያህል ፍጥነት እየሄደ ነው ብለው ራሳቸው ለክተው እንዲያወጡ። ያውም ማንም ሊደርስበት በማይችል ቦታ ያለ ጋዝ። ለዚህ ከጨቅላ ኮከብ የሚወጣ ጋዝን የሚያህል ማሳያ አላገኘሁም።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኮከብ የሚወለደው ቀዝቃዛ ሞለኪዩላር ደመና ውስጥ ነው። ቅዝቃዜው 10 ኬልቪን ገደማ ይደርሳል፤ ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። ጋዙ በገዛ ስበቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ሲወድቅ እየተሽከረከረ ስለሆነ ቀጥ ብሎ መሃል አይገባም፤ በጨቅላው ኮከብ ዙሪያ ዲስክ ይሠራል። ወደ ኮከቡ ለመግባት የአንጉላር ሞመንተሙን (የሽክርክሪቱን) ሸክም የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። እዚህ ላይ ማግኔቲክ ፊልድ ይገባል። ከጋዙ የተወሰነውን ይዞ በሁለቱ ዋልታዎች በኩል ያስፈነጥረዋል። ያ ፈጣን ጀት በመንገዱ ያገኘውን ደመና እየገፋ እየጠረገ ይሄዳል። አልማ ላይ በብዛት የምናየው ይህን የተጠረገውን ጋዝ ነው። አንዱ ክንፍ ወደኛ ይመጣል፣ ሌላው ከኛ ይርቃል።

በ1980 ሮናልድ ስኔል፣ ሮበርት ሎረንና ሪቻርድ ፕላምቤክ ኤል1551 ከሚባል ደመና እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ክንፍ ጋዝ ሲያገኙ ነገሩ ያልተጠበቀ ነበር። ደመናው በታውረስ አቅጣጫ፣ 450 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ ነው። የሚወለድ ኮከብ ጋዝ ይሰበስባል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሲተፋ ተገኘ። ዛሬ ይህን የማያደርግ ጨቅላ ኮከብ ብታገኙ ነው የሚያስገርመው።

ደመናው በአብዛኛው ሞለኪዩላር ሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅን ደግሞ በዚያ ቅዝቃዜ ምንም አያበራም። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚከታተለው ካርቦን ሞኖክሳይድን ነው። አዎ፣ ያው ከሰል ቤት ውስጥ ሲቀጣጠል የምንፈራው ጋዝ። ከአሥር ሺህ የሃይድሮጅን ሞለኪዩሎች ጋር አንድ ያህል ብቻ ቢገኝም፣ በ115.271 እና በ230.538 ጊጋኸርትዝ ላይ ጥሩ አድርጎ ያበራል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፏቸው። ቋቱ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ያለነሱ የትም አትደርሱም።

አሁን ወደ ግምገማው።

መፈለጊያው ጥሩ ነው። የነገሩን ስም ታስገባላችሁ፣ የሰማዩ ምስል ይከፈታል፣ አልማ ያነጣጠረባቸው ቦታዎች ክብ ክብ ሆነው ይታያሉ። ከሥር ረጅም ሠንጠረዥ ይወጣል። በፍሪኩዌንሲ፣ በጥራት፣ በቀን ማጣራት ይቻላል። እኔ ለክፍል የመረጥኩት ኤችኤች 46/47 የሚባለውን፣ ከጨቅላ ኮከብ የሚወጣ ጋዝ ነው። በቬላ ኅብረ ኮከብ፣ 1,400 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ ይገኛል። የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። በ2013 ሄክተር አርሴ የመራው ቡድን ገና ተሠርቶ ባላለቀው አልማ አምስት ሰዓት ብቻ ተመልክቶት፣ ከዚያ በፊት ከተለካው በጣም የፈጠነ ጋዝ አግኝቶበታል። ጀቱ ራሱ በሰዓት እስከ አንድ ሚሊዮን ኪሎሜትር ይበርራል። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ፍሪኩዌንሲዎችም ተመልክተውታል። ስለዚህ ተማሪ አሮጌውንና አዲሱን ዳታ ማወዳደር ይችላል።

ማውረድ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ሁለት ዓይነት ፋይል አለ። ጥሬው ዳታ አለ፤ ይህ በአሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶዎች ጊጋባይት ይቆጠራል። እሱን አትንኩት። ጥሬውን ወደ ምስል ለመቀየር ሌላ ሶፍትዌር፣ ትልቅ ኮምፒውተርና ብዙ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የኛ ድርሻ ተሠርቶ ያለቀው ምስል ነው። እሱም ቢሆን ቀላል ፋይል አይደለም፤ እንደ ምልከታው ብዙ ጊጋባይት ሊሆን ይችላል። የፋይሎቹ ስም ደግሞ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይመስላል፣ ዝም ብሎ ፊደልና ቁጥር ነው። የትኛው የካርቦን ሞኖክሳይዱ እንደሆነ ከስሙ አይታወቅም። የፍሪኩዌንሲ ክልሉን አይቶ መለየት የግድ ነው።

እዚህ ላይ ነው ካርታ ያዳነኝ። ካርታ የራዲዮ ምስል መመልከቻ ነው። የታይዋን፣ የአሜሪካ፣ የካናዳና የደቡብ አፍሪካ ተቋማት አብረው ሠርተውታል። አዎ፣ ደቡብ አፍሪካ፤ ይህን ለተማሪ ስነግር ደስ ይለኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ምስሉን ከቋቱ ላይ በቀጥታ በብራውዘር መክፈት መቻሉ ነው። ፋይሉ እዚያው ሰርቨር ላይ ይቆያል። ወደናንተ የሚመጣው ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቁራጭ ብቻ ነው። ኢንተርኔቱ በሚንቀራፈፍበት፣ ዳታው እየወረደ መሃል ላይ መብራት በሚጠፋበት ሀገር ለምንኖር ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ በብራውዘር አይታችሁ፣ የሚጠቅመውን ለይታችሁ፣ ከዚያ አንዱን ብቻ ማታ ማውረድ አስጀምሩት። ካርታን ላፕቶፕ ላይ መጫንም ይቻላል፣ እሱም በነጻ ነው። የኔ ላፕቶፕ ባለ 8 ጊጋ ራም ነው፤ ትንሽ ያቃስታል እንጂ ይሠራል።

የራዲዮ ምስል እንደ ፎቶ አንድ ገጽ አይደለም። ሦስተኛ አቅጣጫ አለው፤ እሱም ፍሪኩዌንሲ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ቻናል ይባላል። ካርታ ውስጥ ገብታችሁ ያን ቁጥር፣ 230.538ን ወይም 115.271ን፣ እንደ መነሻ ፍሪኩዌንሲ ስትሰጡት ቻናሎቹ ወደ ፍጥነት ይቀየራሉ። በ230.538 ላይ የ0.77 ሜጋኸርትዝ ልዩነት በሰከንድ አንድ ኪሎሜትር ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህን በካልኩሌተር ራሳቸው እንዲያወጡት ነው የማደርገው። ካወጡት በኋላ ስክሪኑ ላይ የሚያዩት ነገር የነሱ ይሆናል።

ከዚያ ቻናሎቹን አንድ በአንድ ማጫወት ነው። ደመናው ራሱ ከኛ አንጻር በሰከንድ 5 ኪሎሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። እዚያ ቁጥር አካባቢ ስክሪኑ ጭጋግ ነው፣ ምንም አይለይም። ጥቂት ቻናል ወደ ቀይ በኩል፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ወደሚልበት፣ ሲገፋ ጭጋጉ ይሳሳና ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋ ረጅም ክንፍ ብቅ ይላል። ከኛ እየራቀ ያለው እሱ ነው። ወደ ሰማያዊ በኩል፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው ከፍ ወደሚልበት፣ ሲኬድ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ሌላ ይመጣል። ይኼኛው አጭር ነው።

"ቲቸር፣ ሰማያዊው ለምን አጠረ?" አለችኝ አንዲት ተማሪ።

"አንቺ ምን ይመስልሻል?"

ትንሽ አሰበችና "የሚጠርገው አልቆበት ይሆናላ" አለች።

ልክ ናት። ኮከቡ የሚገኘው ደመናው ጠርዝ ላይ ነው። ወደኛ የሚመጣው ጀት ወዲያው ደመናውን ቀድዶ ይወጣል፤ ከውጭ የሚገፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ የለም ማለት ይቻላል። ሌላኛው ግን ወደ ደመናው ሆድ ስለሚገባ ብዙ ጋዝ ያገኛል። ዓይናችን በሚያየው ብርሃን ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚሆነው። ሃብል የሕዋ ቴሌስኮፕ ባነሳው ፎቶ ላይ ደምቆ የሚታየው ወደኛ የሚመጣው ጀት ነው፤ የሚርቀውን አቧራው ይጋርደዋል። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ክፍሉ ውስጥ ስልክ የሚነካካ ተማሪ አልነበረም። ከዚህ በላይ ለአንድ መምህር ምን ይደረግለታል?

ሌላው የወደድኩት የፍጥነትና የቦታ ግራፍ ነው። በክንፉ ርዝመት ላይ መስመር ትሰምራላችሁ፣ ካርታ በዚያ መስመር ላይ ፍጥነቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ይስልላችኋል። በቀዩ ክንፍ ላይ ፍጥነቱ አንድ ወጥ አይደለም። ከኮከቡ እየራቀ ሲሄድ ያድጋል፣ ከዚያ ይወድቃል፣ እንደገና ያድጋል። የአርሴ ቡድን እንዲህ ያሉ ጉብታዎችን ሦስት ቆጥሮ፣ ኮከቡ የሚተፋው ያለማቋረጥ ሳይሆን በየጥቂት መቶ ዓመቱ እየፈነዳ ነው ብሏል። ኮከቡ ደግሞ ብቻውን አይደለም፣ ጓደኛ አለው። ከጓደኛውም የሚወጣ ሌላ ደካማ ጋዝ እዚያው ዳታ ውስጥ ተገኝቷል፣ ከዋናው ጋር መስቀለኛ ሊሆን ምንም ያልቀረው። እሱን የምታገኙት ግን ቀለሙን ለማስተካከል ታግላችሁ ነው። የካርታ የመጀመሪያ የቀለም ምርጫ ደማቁን ብቻ ስለሚያሳይ ደካማው ይዋጣል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ነጥብ የምቀንሰው በዚህ ነው።

ቋቱ የሚሰጣችሁ ምስል ሙሉ አይደለም፤ ሙሉ አለመሆኑን ደግሞ ምስሉ ራሱ አይናገርም። አልማ አንድ ትልቅ ሳህን ሳይሆን ብዙ አንቴናዎች ተጣምረው የሚሠሩበት ነው። አንቴናዎቹ ሲራራቁ፣ እስከ 16 ኪሎሜትር ድረስ፣ ጥቃቅኑን ነገር ያያሉ። በምላሹ ሰፊና ለስላሳ የሆነውን ጋዝ ጨርሶ አያዩትም። ከጨቅላ ኮከብ የሚወጣ ጋዝ ደግሞ ሰፊ ነው። ስለዚህ አንድ ጀማሪ ምስሉን ከፍቶ "ክንፉ መሃሉ ባዶ ነው" ሊል ይችላል። አንዳንዱ ባዶ በእርግጥ ባዶ ነው፤ ጀቱ የቦረቦረው ዋሻ ነው። አንዳንዱ ግን መሣሪያው ያልያዘው ጋዝ ነው። በደማቁ ጋዝ ዙሪያ ከዜሮ በታች የወረደ ጥቁር ጉድጓድ ካያችሁ፣ በብዛት የዚህ ምልክት ነው።

መድኃኒቱ አለ። ባለ 7 ሜትሮቹ አንቴናዎች ተቀራርበው ስለሚቆሙ ሰፋ ያለውን ይይዛሉ። ከባለ 12 ሜትሮቹም አራቱ ለብቻቸው፣ እንደ አንድ አንድ ሳህን እየሠሩ፣ የቀረውን ይሞላሉ። ነገር ግን በቋቱ ውስጥ እነዚህ ብዙ ጊዜ እንደ ተለያየ ፋይል ነው የሚቀመጡት። ማዋሃድ የናንተ ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ የጀማሪ ሥራ አይደለም። ሠንጠረዡ ውስጥ ሊታይ የሚችለውን ትልቁን ስፋት የሚናገር ዓምድ አለ። እኔ ብሆን ያን ቁጥር በቀይ ቀለም ምስሉ ላይ እለጥፈው ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታ የቋቱ ጥፋት አይደለም፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በደመናው ፍጥነት አካባቢ ጋዙ በጣም ስለሚወፍር ብርሃኑ ከፊቱ ብቻ ነው የሚመጣው። ከኋላ ምን ያህል እንዳለ አይታወቅም። ተማሪ በየዋህነት ብርሃኑን ደምሮ የጋዙን ክብደት ላስላ ካለ ብዙ እጥፍ ያሳንሰዋል። ብርቅ የሆነውን፣ ካርቦን 13 ያለበትን ዓይነት በ220.399 ጊጋኸርትዝ አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ምልከታዎች ሁለቱንም አብረው ስለሚይዙ ፈልጉት። ፍጥነቱም ቢሆን ወደኛና ከኛ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ክንፉ ምን ያህል እንዳዘነበለ ካላወቃችሁ ትክክለኛው ፍጥነት አይገኝም። ይህን ሳልናገር "ለኩ" ማለት ተማሪን ማሳሳት ነው።

ቋንቋው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ያውም የባለሙያ እንግሊዝኛ። መመሪያዎቹ ሌላ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ተጠቅሞ ለሚያውቅ ሰው የተጻፉ ነው የሚመስሉት። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አልመክርም። ለእነሱ ጄምስ ዌብ የሕዋ ቴሌስኮፕ በ2023 ያነሳውን የዚሁ የኤችኤች 46/47ን ምስል አሳዩአቸው፤ ያምራል፣ ማብራሪያም ብዙ አይፈልግም። ዶፕለርና ስፔክትረም ለገባው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለቸገረው፣ በክረምት እንጦጦ በደመና ተሸፍኖ ምልከታ ሲጠፋ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ግን ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ። እንጦጦ ያሉት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች በጠራ ሰማይም ቢሆን ይህን ጋዝ አያዩትም፤ የሚያዩት ብርሃን ነው እንጂ ሚሊሜትር ሞገድ አይደለም።

ነጥብ ካላችሁኝ፣ ቋቱ ከ5 4። ካርታ ከ5 4 ተኩል።

"ታዲያ ይህን በዓይኔ ለማየት የቱን ቴሌስኮፕ ልግዛ?" የሚል ጥያቄ አይቀርምና አብሬ ልመልስ። ካርቦን ሞኖክሳይዱን የሚያሳይ ከሱቅ የሚገዛ ቴሌስኮፕ የለም፤ ብራችሁን አታባክኑ። ጋዙ የቦረቦረውን ዋሻ ማየት ግን ይቻላል። ኤንጂሲ 2261 የሚባለውን፣ ሞኖሴሮስ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለውን ትንሽ ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) ፈልጉ። አር ሞኖሴሮቲስ የሚባለው ጨቅላ ኮከብ ጋዝ ተፍቶ ከከፈተው ዋሻ ግድግዳ ላይ ብርሃኑ ሲንጸባረቅ ነው የሚታየው። ከከተማ መብራት ወጣ ካላችሁ መካከለኛ ቴሌስኮፕ እንደ ማራገቢያ የተከፈተ ትንሽ ብርሃን አድርጎ ያሳያችኋል። በየካቲት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ሰማይ አናት ላይ ነው የሚያልፈው። ዶብሶኒያን የሚባለው፣ ቀላል ማቆሚያ ያለው ቴሌስኮፕ ያላችሁ ግን አናት ላይ ያለን ነገር መከተል አንገትም መሣሪያም ያስቸግራልና አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ፣ ገና በምሥራቅ በኩል እያለ ያዙት።